ሠላሳ ዘጠኝ ገረወይና

ዛሬ ጠዋት፣ ሰው ቁርሱን ሳይቀምስ፣ እኔ አንዲት ወይራ ገደልኩ። መጥረቢያ አልያዝኩም፤ መጋዝም አልያዝኩም። በአንድ ጣሳ አኳራጅ፣ በሽቦ ብሩሽና በአሮጌ ካናቴራ ቅዳጅ ነው የገደልኳት። ያውም ላድናት ብዬ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መካኒሳ አቦ ኪዳን አድርሼ ስመለስ፣ የጎረቤቴ ራቢያ ሱቅ ፊት ለፊት ያለችው መንታ ወይራ ሁለቱም ግንዷ ላይ ዙሪያውን ቀይ ቀለም ተቀብቶባት አየሁ። በእኛ ሰፈር ቀይ ቀለም ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሕፃን የለም። የመንገዱ ማስፋፊያ ሲጀመር ቀይ የተቀባው አጥር ፈረሰ፤ ቀይ የተቀባው ቤት ፈረሰ፤ ቀይ የተቀባ ሽንት ቤት እንኳ አልተማረም። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ግድግዳና በር ስቀባ የኖርኩ ቀለም ቀቢ ነኝ። መቀባት የሚያውቅ ማስለቀቅም ያውቃል። እየተጣደፍኩ ቤት ገባሁና ከአልጋ ሥር የቀረችኝን ቀለም ማስለቀቂያ አኳራጅ አወጣሁ። ጎረቤት ሳይነሳ፣ ወፍና እኔ ብቻ ሳለን፣ ወይራዋን ማጠብ ጀመርኩ።

የወይራ ቅርፊት ስንጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ቀለሙ ውስጥ ገብቶ ይደበቃል። እኔም ተከትዬው ገባሁ። በጥርስ መጎርጎሪያ ሳይቀር ለቀምኩት። በሕይወቴ እንዲህ ጥንቅቅ አድርጌ ሠርቼ አላውቅም፤ የድሮ ደንበኞቼ ቢያዩኝ «ለእኛ ጊዜ ይህ እጅህ የት ነበር?» ይሉኝ ነበር። ስጨርስ ወይራዋ ትናንት የተፈጠረች መሰለች። ወገቤን ይዤ ማዶ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና መንግሥትን ያታለለ ሰው ፈገግ እንደሚለው ፈገግ አልኩ።

ስህተቱን ከመናገሬ በፊት ዛፏ የማን እንደነበረች ልንገራችሁ። አለበለዚያ «አንድ ሽማግሌ አንድ ግንድ አስቆረጠ» ብላችሁ ከንፈራችሁን መጥጣችሁ ታልፋላችሁ። በዚህ ሰፈር ሁሉም ነገር ያለቀው እንደዚያ ከንፈር እየተመጠጠለት ነው።

የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ አዲስ አበባ መካኒሳ አቦ ሳይደርስ ይደክመው ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ጽዶች ወዲያ ማሳ ነው፤ ከማሳው ወዲያ ወንዝ ነው፤ ከወንዙ ወዲያ ደግሞ ጅብ ነው፤ ከጅቡ ወዲያ ምን እንዳለ የሄደ ስላልነበረ አናውቅም። ወንዙ ይጠጣል። ይህን ለልጅ ልጆቼ ስነግራቸው እኔን ሳይሆን ጤንነቴን ነው የሚጠራጠሩት። በጉልበታችን ተንበርክከን በእጃችን ጨልፈን ጠጥተነዋል፤ ዛሬ በድልድዩ ላይ ስናልፍ አፍንጫችንን የምንይዝለት ያው ወንዝ ነው።

የሰፈሩ ወተት የእትዬ ዘይነባ ነበር። እትዬ ዘይነባ ከስልጤ ከባሏ ጋር የመጣች፣ ረጅም፣ ቀጥ ብላ የምትሄድ፣ አራት ላሞች የነበሯት ሴት ናት። ባሏ መርካቶ ቆዳ ይነግድ ስለነበር ቤቱ የሚታየው ሐሙስ ማታ ነው። ቤቱም ላሞቹም እኛም በእሷ ሥር ነን። ጠዋት ጠዋት ጠርሙስ ይዘን እንሰለፋለን፤ ወተቱን ከቅል ወደ ጠርሙስ ስትገለብጠው የሚወጣው የወይራ ጭስ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ቅሉን በወይራ ታጥነዋለች፤ ያልታጠነ ወተት ለእሷ ወተት አይደለም፣ ነጭ ውሃ ነው። እናቴ «የዘይነባ ወተት ሰውን ያክማል» ትል ነበር። እኔም ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ትንሽ ትንሽ እየታከምኩ ነበር የምደርሰው።

የማጠኛው እንጨት በአህያ ከፉሪ በኩል ይመጣ ነበር። ከጊዜ በኋላ ወይራው እየሳሳ ሄደ፣ አህዮቹም መምጣት ተዉ። እትዬ ዘይነባ ታዲያ አንድ ቀን ከአጥሯ ውጭ፣ መንገዱ ዳር፣ የወይራ ችግኝ ተከለች። ሰፈሩ ሳቀ። ወይራ ሰው የሚተክለው ነገር አይመስለንም ነበር፤ ወይራ እንደ ድንጋይ ከፊት ጀምሮ ያለ ነገር ነው። አባቴ እንኳ፣ የማይቀልደው አባቴ፣ «እትዬ ዘይነባ፣ ወይራው እስኪደርስ አንቺ ትደርሻለሽ» አላት። «እኔ ባልኖር ወተት ጠጪ አይጠፋም» ብላው በእበትና በአጋም እሾህ አጠረቻት። ወይራ ቶሎ አታድግም። በሦስተኛው ዓመት ገና ደረቴ ላይ ነበረች።

ጥፋቱ የገና ነው። እኩዮቼ ታውቁታላችሁ፣ ገና ሲደርስ ዱላ የሌለው ልጅ ሱሪ እንደሌለው ነው። የኔ ዱላ የባሕር ዛፍ ነበረች፤ የእንጨቱ ኳስ፣ ሩሩ፣ ሲነካት ታለቅሳለች። የወይራ ዱላ ያለው ልጅ ግን ሜዳው የሱ ነው። ታዲያ የእትዬ ዘይነባ ወይራ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብላ ቆልመም ትል ነበር፤ ልክ ለገና ዱላ ተብላ የተፈጠረች። በየቀኑ ጠርሙሴን ይዤ ስሰለፍ አያታለሁ። እሷም ታየኛለች። የገና ዋዜማ ከሰዓት በኋላ፣ እትዬ ዘይነባ ላሞቿን ውሃ ልታጠጣ ወንዝ ስትወርድ፣ የአባቴን ማጭድ ይዤ መጣሁ። ሦስት ጊዜ ነው የመታኋት። የሦስት ዓመት ዛፍ በሦስት ምት።

ዱላውን በሸሚዜ ውስጥ በጀርባዬ ከትቼ፣ ማጭዱን በእጄ እንደያዝኩ ስመለስ መታጠፊያው ላይ ከእትዬ ዘይነባና ከላሞቿ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ጎንበስ ብዬ ሰላም ልል ፈለግሁ፤ ዱላው አላጎንብስ አለኝ።

«ጀርባህ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የተገተርከው?» አለችኝ።

«አሞኝ ነው እትዬ።»

በእኔ ትከሻ ላይ አሻግራ ወደ አጥሯ አየች። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። ጮኻ ቢሆን ደስ ባለኝ፤ ድምፅዋ ግን ዝቅ አለ። «ወይራዬን ማን ቆረጣት?»

«ጥጃ በልቷት ይሆናል።»

«ጥጃዬ ማጭድ መያዝ ከመቼ ጀመረች?»

እንግዲህ ያኔ ነው ብልህ የመሰልኩት። «እትዬ፣ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» አልኳት።

«ጌታ አይቆጣ ይሆናል» አለችኝ፤ «እኔ እመቤት ነኝ።»

አልመታችኝም። ለአባቴ ብትነግረው በዚያው ዱላ ቆዳዬ ይታጠን ነበር፤ አልነገረችውም። ጆሮዬን ይዛ ጉቶው ጋ ወሰደችኝ፣ አስቀመጠችኝ፣ ፈረደች። ነገ ዱላውን ይዤ እጫወታለሁ፤ የተቆረጠ ተቆርጧልና ያለጨዋታ አይቅር። ከነገ ወዲያ ዱላው ወደ እሷ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከወንዝ አንድ ገረወይና ውሃ አመጣለሁ፣ እስከ አርባ ቀን። ገረወይና የማታውቁ ልጆች ካላችሁ፣ በዛሬው ጄሪካን ቦታ የነበረ የቆርቆሮ ዕቃ ነው፤ ይህችኛዋ ሽቦ እጀታ ነበራት፣ ሲሞላም እጅን ትቆርጣለች።

«ሥሯ አልሞተም» አለችኝ። «ከሞተች ግን ገዳይዋ አንተ ነህ፣ ውሃ ካላጠጣህ። ዱላ መቁረጥ ጨዋታ ነው፤ ጥሎ መሄድ ነው ኃጢአቱ።»

ገናን ተጫወትኩ። ሁለት ጊዜ አገባሁ፤ አንዱ በራሳችን በኩል ነበር። በማግስቱ ገረወይናዋን ተረከብኩ።

የእትዬ ዘይነባ ልጅ ራቢያ በአንድ ዓመት ታንሰኛለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራ አገኘች። አጥሩ ላይ ትወጣና እግሯን እያወዛወዘች ትጠብቀኛለች፤ ውሃውን ስደፋ ሰፈሩ እንዲሰማ ጮኻ ትቆጥራለች። «አን-ድ!» ትላለች። «ሁለ-ት!» ግማሽ ይዤ ከመጣሁ ከአጥሩ ወርዳ ገረወይናውን ውስጡን ታያለች፣ ከዚያ በእናቷ ድምፅ፣ «ግማሽ አይቆጠርም።» እመለሳለሁ። አሥራ ሰባትን ሁለት አድርጋ እንድትቆጥርልኝ በሁለት ከረሜላ ልደልላት ሞክሬ ነበር፤ ከረሜላውን በላችና አሥራ ሰባትን አንድ ጊዜ ቆጠረች። ዳገቱ ረጅም ነው፣ በጋ ነው፣ አቧራው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። በየቀኑ እየተራገምኩ ወጣሁት። የምረግመው ወይራዋን ነበር።

በሠላሳኛው ቀን አካባቢ ይመስለኛል፣ ውሃውን ልደፋ ጎንበስ ስል ጉቶው ጎን ላይ ሁለት ቅጠል አየሁ። የአይጥ ጆሮ የሚያካክሉ፣ ከላይ አረንጓዴ፣ ከታች ብርማ። ከእጄ ገረወይናው ወደቀ። እስከዚያ ቀን ድረስ በዓለም ላይ ያፈረስኳቸውን ነገሮች ብትጠይቁኝ እዘረዝራለሁ፤ በእኔ ምክንያት የበቀለ ነገር ግን ያ የመጀመሪያው ነበር። «እትዬ! እትዬ! ወለደች!» ብዬ ስጮህ እትዬ ዘይነባ ላሟ የወለደች መስሏት ባዶ እግሯን ሮጣ ወጣች። ከዚያ በኋላ ውሃውን ማንም ሳያስገድደኝ በሩጫ አመጣው ነበር። ደስ እያለኝ እንደማመጣው ለራቢያ አልነገርኳትም፤ ታውቅ ነበር።

በአርባኛው ቀን ጠዋት ግን ዝናብ ጣለ። የበልግ የመጀመሪያው፣ ያ የአቧራ ሽታ ያለው። ደጃችን ጅረት ሆነ። ገረወይናዋን ባዶዋን ይዤ እትዬ ዘይነባ ዘንድ ሄድኩና፣ «አርባኛዋን ሰማዩ ከፈለልኝ» አልኳት።

«ሰማይ የራሱን ነው የከፈለ» አለችኝ። «ያንተ ሠላሳ ዘጠኝ ነው። አንዷ አለችብህ።»

ቢሆንም አስገባችኝ። የገና ዱላዬ ከምድጃው በላይ ሰቀላው ላይ ደርቋል። ዓይኔ እያየ በመጥረቢያ ፈለጠችው፣ በፍም አጨሰችው፣ ቅሉን አጠነችበት፣ የጠዋቱን ወተት ገለበጠችበትና በጣሳ ሰጠችኝ። «ዱላህን ጠጣው» አለችኝ። ጠጣሁት። እስከዛሬ የበላሁትና የጠጣሁት ሁሉ ከዚያች ጣሳ በታች ነው።

ወይራዋ ከቆረጥኩባት ቦታ መንታ ሆና አደገች። እትዬ ዘይነባም ያቺን አንዷን ረስታ አታውቅም። ስምንተኛ ክፍል ሳልፍ «ጎበዝ፣ አንዷ ገረወይናስ?» አለችኝ። ሠርጌ ላይ ሙሽራዬን ስማ፣ ወደኔ ዞር ብላ፣ «አንዷ ገረወይናስ?» ብላ ሚዜዎቼን ግራ አጋባቻቸው። እኔም ሁልጊዜ «ነገ» እላለሁ፤ ጨዋታችን ነበር፣ እንዲያልቅብኝም አልፈልግም ነበር። መጨረሻ ላይ አልጋ ይዛ ልጠይቃት ስገባ ዓይኗን ገልጣ ያቺኑ ጠየቀችኝ። «ነገ» አልኳት። ያ ነገ የሚባለው ቀን ለቀብሯ ዋለ።

ዛፏ ግን ቆመች። ታክሲ ጠባቂው በጥላዋ ቆመ፣ የእድሩ ድንኳን ገመድ በእሷ ታሰረ፣ ሰፈሩ በሙሉ ከእሷ መፋቂያ ቆረጠ። እኛስ ምን አደረግንላት? ሚስማር ቸነከርንባት። «የሚከራይ ቤት» በሚስማር፣ «ፍራሽ በቅናሽ» በሚስማር፣ የጠፋ ውሻ ፎቶ ሳይቀር በሚስማር። ዘይት ያለበት የልብስ እጣቢ ሥሯ ላይ ደፋንባት። በጣም ስናደድ የመጀመሪያውን ሚስማር ማን እንደመታው አስታውስና ዝም እላለሁ፤ «ታደሰ ቀለም ቀቢ» ይል ነበር፣ በራሴ እጅ ጽሑፍ፣ በሦስት ዓይነት ቀለም።

ደግሞ ክረምት በመጣ ቁጥር ችግኝ እንተክላለን። እኔም እተክላለሁ፤ ካናቴራ ይሰጣላ። ባለፈው ክረምት ጀርባው ላይ ስለ ዛፍ የሚያምር ነገር የተጻፈበት ካናቴራ ለብሼ፣ ፎቶ ተነስቼ፣ ችግኜን ከነላስቲኩ ቀብሬው ተመለስኩ። ከነላስቲኩ! ሥሩ የት እንዲገባለት ነበር? ውሃ ሊያጠጣው የተመለሰ ሰው አለ ወይ ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ በመስከረም ሄጄ አይቼዋለሁ፣ ላስቲኩ ብቻ ነው የጸደቀው። ዛሬ ጠዋት ወይራዋን ያጠብኩበት ቅዳጅ የዚያ ካናቴራ ነው።

ወደ ጠዋቱ ልመለስ። ሦስት ሰዓት ላይ መጋዝ የያዙት መጡ። ከድልድዩ በኩል ጀመሩ። ባሕር ዛፎቹን ጣሉ፤ ግራቪሊያዎቹን ጣሉ፤ በየዓመቱ መንገዱን ሐምራዊ የምታደርገውን ጃካራንዳ በአምስት ደቂቃ ጣሏት። እኔ ድንጋዬ ላይ ተቀምጬ፣ ቀይ ይኑራቸው አይኑራቸው እንኳ ልብ ሳልል፣ በእያንዳንዱ እየተቃጠልኩ፣ በሆዴ ግን «የኔን አታገኟትም» እላለሁ። ወይራዋ ጋ ደርሰው ሲቆሙ ተነሳሁ። ፎርማኑ ቢጫ ቆብ ያደረገ፣ ወረቀት የያዘ ወጣት ነው። ቀለም የነካውን እጄን ወደ ኋላ አድርጌ፣ ልክ እንደዚያን ጊዜው ተገትሬ፣ ፊቱ ቆምኩ።

«ይህቺን አትነኳትም። ምልክት የላትም።»

ዛፏን ዞራት፣ ጎንበስ ብሎ አያት። «አዎ አባባ፣ አይተናል። ምልክት ስለሌላት እኮ ነው የምንቆርጣት።»

«ምን አልክ?»

«ቀይ ያለበት ይቀራል፣ የሌለበት ይነሳል። ስብሰባ ላይ ተነግሯችሁ የለ እንዴ?»

ስብሰባ። ባለፈው ሳምንት ራቢያ በከዘራዋ እየተደገፈች ስብሰባ ስትሄድ ሱቋ በር ላይ አግኝቻት፣ «ሻይ አለው?» ብዬ ቀልጄባታለሁ። እኔ ስብሰባ አልሄድም። ስብሰባ የማልሄደው ብልህ ስለሆንኩ ነው ብዬ ለሃያ ዓመት አውርቻለሁ። ለካ እሷ ሄዳ፣ ተከራክራ፣ የመንገዱን ቀያሽ ልጅ እጇን ይዛ አምጥታ፣ የእናቷን ወይራ አስቀብታለች። እኔ ደግሞ በጥርስ መጎርጎሪያ ለቅሜ አጠፋሁት።

«ቀዩማ ነበረ» አልኩት። «እኔ ነኝ ያስለቀቅኩት።» እጄን ዘረጋሁለት። መዳፌ እስከ አንጓዬ ቀይ ነው።

«ለምን?»

«እንዳትቆረጥ ብዬ።»

መጋዝ ከያዙት አንዱ ሳቀ። አልፈርድበትም፤ በሌላ ሰው ደርሶ ብሰማው እኔም ለአንድ ሳምንት የምስቅበት ነገር ነው። ፎርማኑ ግን አልሳቀም። ወረቀቱን ገለጠ፤ ወረቀቱ «ቀይ ምልክት ያላቸው ይተዉ» ይላል እንጂ የትኛዋ ዛፍ እንደሆነች አይልም። ቀያሿ ጋ ደወለ፤ አታነሳም። እንደገና ደወለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ወረቀቱ እነሱ ዘንድ ነበር፣ ሞኙም እዚያው ፊታቸው ቆሟል። «ትንሽ ጠብቁ» አልኳቸው። «የማሽኑ ሰዓት እየሄደ ነው» አለ ፎርማኑ፣ ከዚያም በትሕትና፣ «አባባ፣ እባክዎ ዞር ይበሉልኝ።»

ዞር አልኩ።

ከሁሉም የሚያቃጥለኝ ይህ ነው። አስፈራርተውኝ አይደለም፤ ማንም አልነካኝም። «ዞር በል» ሲባል ዞር ማለት ለምዶብኝ ነው። ቀይ ሲቀባ ማልቀስ፣ ዞር በሉ ሲባል ዞር ማለት፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ ቀለሙ «ትኑር» ለማለት ሊቀባ ይችላል ብለን መጠርጠር አቅቶናል። ማን እንዲህ አድርጎ ማንበብ አስተማረን? አልፈርድም፤ ትምህርቱን ግን ጥሩ አድርገን ይዘነዋል። እትዬ ዘይነባ ብትሆን እንኳን መጋዝ የያዘ ሰው፣ በሬ ቢመጣባት ዞር አትልም ነበር።

መንታዋ ወይራ አንድ ስኒ ሻይ እስኪቀዘቅዝ አልፈጀችም። ስትወድቅ ሽታዋ መጣ። ትኩስ የወይራ ብናኝ፣ ያ የቅሉ ሽታ፣ መንገዱን ሞላው። አስፋልት ሊነጠፍ በታረሰ መንገድ ዳር፣ በመጋዝ ጭስ መሀል፣ የወተት ሰልፍ ላይ የቆምኩ መሰለኝ። ያኔ አንዲት ለጋ ለቆረጠ ልጅ አርባ ገረወይና ተፈረደበት። ዛሬ ከድልድዩ እስከ አቦ መታጠፊያ ያለው ዛፍ ሁሉ ሲወድቅ አንድ ብርጭቆ ውሃ የተፈረደበት ሰው የለም። ግንዶቹ ተጫኑ፣ ብናኙ ተጠረገ፣ ፀሐይዋ እዚያው አናታችን ላይ ቀረች።

ስድስት ሰዓት ላይ ቀያሿ ልጅ እየሮጠች መጣች፤ ስልኳ ባትሪ ጨርሶ ነበር። ፎርማኑን ተቆጣችው፤ እሱም በአገጩ ወደኔ አመለከታት። ይህን ሲባባሉ ራቢያ ፉሪ ልጇ ዘንድ አድራ ከታክሲ ወረደች። ከዘራዋን ተደግፋ ቆመች። ወይራዋ የነበረችበትን ባዶ ሰማይ አየች። ከዚያ ሁላችንንም አንድ በአንድ አየችን።

«ማን ነው?» አለች።

እመኑኝ፣ አፌ ላይ የመጣው «ጥጃ» የሚለው ቃል ነበር። ዋጥኩትና ቀይ እጄን አወጣሁ። «እኔ ነኝ ራቢያ። ሊቆርጧት መስሎኝ አጠብኩት።»

ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። «ሻይ አለው ወይ ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር» አለች። «ሻይ ነበረው፣ ታዴ።»

ቀያሿ ጉቶው ላይ ተንበርክካ ቅርፊቱን በጣቷ ነካካች። «ወይራ ናት፤ ጉቶዋ ካልተነቀለ ታቆጠቁጣለች» አለች፤ ነገ ግን ጉቶ የሚነቅል ማሽን እንደሚመጣም ነገረችን። «ማቆጥቆጧን ይሄ ሰውዬ በደንብ ያውቀዋል» አለች ራቢያ። ልጅቷ የፎርማኑን ስልክ ተቀብላ ዞር ብላ ብዙ ተነጋገረች፣ ተከራከረች፣ መጨረሻ ላይ «ለጊዜው አይነቀልም» ብላ ተመለሰች። ለጊዜው። በዚህ ከተማ የዚህን ቃል ያህል የተኖረበት ቤት የለም። ከዚያ ከቦርሳዋ ቀዩን ቀለምና ብሩሽ አውጥታ፣ «አባባ፣ እርስዎ ነዎት ያስለቀቁት፤ ይቅቡት» አለችኝ። ተንበርክኬ ጉቶውን ዙሪያውን ቀባሁት። የአርባ ዓመት ቀለም ቀቢ፣ በሕይወቱ የመጨረሻዋን ቀለበት እንደ እባብ አጣሞ ሠራት።

ቀና ስል ራቢያ የለችም። ከግቢዋ ስትወጣ የሆነ ነገር ይዛለች። ዝጎ ቡናማ ሆኗል፣ ሽቦ እጀታው ግን ያው ነው። የእናቷ ገረወይና። በሶብላ ተክላበት ኖሮ ከነአፈሩ ገልብጣው ነው የመጣችው። እጄ ላይ አስቀመጠችው።

የቧንቧ ውሃ ዛሬ የእኛ ፈረቃ አይደለም። ከራቢያ በርሜል አፍ እስከ ገደፉ ሞላሁትና መንገዱን መሻገር ጀመርኩ። ግማሽ ላይ ሳልደርስ እግሬ ረጠበ። ለካ በሶብላው ሥሩ እንዳይበሰብስ ቂጡን በሚስማር በስታዋለች። ፈጠን አልኩ፤ በዚህ ዕድሜ ፈጠን ማለት ውሃውን ይበልጥ ማፍሰስ ነው። ከኋላዬ ከበሩ እስከ ጉቶው እርጥብ መስመር ተሠርቷል፤ ከፊቴ የደረሰው ግን አንድ ጭልፋ ቢሆን ነው። ጉቶው ላይ ደፋሁትና ጎንበስ እንዳልኩ ቆየሁ። ራቢያ ድንጋዬ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከስድሳ ዓመት በላይ ያልሰማሁትን ያንን ጩኸት እየጠበቅኩ መሆኔን ያወቅኩት ሳይመጣ ሲቀር ነው። «አርባ» አላለችም። ተነስታ መጣች፣ ገረወይናውን ከእጄ ወሰደች፣ ውስጡን አየች።

«ግማሽ አይቆጠርም» አለች።

«ቂጡ የተበሳ ነው እኮ።»

«ዕቃው የእማዬ ነው። ቀዳዳው የራስህ ጉዳይ ነው።»

«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» አልኳት፣ እንደ ልማዴ ብልህ ልሁን ብዬ።

«እንግዲያው ሞልተህ አምጣ» ብላ በሯን ዘግታ ገባች። ዛሬ ሻይ አልጠራችኝም፤ ነገም የምትጠራኝ አይመስለኝም።

ይህን የምጽፈው ከሰዓት በኋላ ነው፣ በረንዳዬ ላይ፣ ገረወይናዋ ከፊቴ ተደፍታለች። ቀዳዳዎቿን አንድ በአንድ በስቱኮ ደፍኜያቸዋለሁ፤ ከሥራዬ የቀረኝ እሱ ነው። ስቱኮ ደግሞ አይቸኮልም፣ እስኪደርቅ መጠበቅ ነው። ከበረንዳዬ ወይራዋ የነበረችበት ቦታ ይታየኛል፤ ፀሐይዋ ያለምንም ከልካይ እዚህ ድረስ ገብታ ፊቴን ትለበልበኛለች። ከዛሬ በኋላ «ነገ» አልልም። እስከዚያው ግን የእትዬ ዘይነባ አንድ ገረወይና ውሃ ዕዳ አለብኝ።